ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው?

ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ እንደ መላሹ ነው። ጂኦግራፊ የቀመሰ ሰው «ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ግድም ነው» ይላል፤ ሰዓት ጠይቀውት ኪሎ ሜትር ይመልሳል። ብዙ የተመላለሰ መንገደኛ «ሲሄዱ 16፣ 17 ሰዓት፤ ሲመለሱ 13» ይላል። ልጇን ቦሌ ድረስ ሸኝታ የቀረች እናት ደግሞ «ዘጠኝ ዓመት ሆነው» ትላለች። ሦስቱም አልዋሹም።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አንድ ነው። በሁለት ከተሞች መካከል ያለው ርቀት ተፈጥሮ የሰጠችው ነው፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ጊዜው ግን የታሪክ ሥራ ነው። ጊዜን የሚያሳጥረው የመጓጓዣው ፍጥነት ብቻ መስሎ ይታየናል። ታሪኩን ስንመረምረው ግን ከፍጥነቱ ይልቅ ማረፊያው የበለጠ ይናገራል፤ መንገደኛው የት ቆመ? ማን አስቆመው? ለምንስ ቆመ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይዘን ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የሚወስደውን መንገድ ከ1903 ጀምሮ እንከተለዋለን። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሉልና ክር

መጀመሪያ ርቀቱን እንለካ። ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ካርታ ሁለቱን ከተሞች በማስመሪያ ያገናኘ ሰው፣ መሥመሩ ሱዳንን፣ ቻድን፣ ኒጀርን፣ ማሊንና ሞሪታንያን ቆርጦ ሲሄድ ያያል። ምድር ግን ድብልብል ናት። ሉል ወስደን በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር ብንወጥር፣ ክሩ ወደ ሰሜን ይጎብጥብናል፤ ሱዳንን፣ ሊቢያን፣ አልጀሪያን፣ ከዚያም እስፓኝን ረግጦ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል። አጭሩ መንገድ ይኸው ነው። ርዝመቱም ከምድር ዙሪያ ከሩብ በላይ ይሆናል። ክሩ ከኢትዮጵያ ሲወጣ መጀመሪያ የሚረግጠው አገር ሱዳን መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የሰዓቱም ስሌት የራሱ ወጥመድ አለው። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በ8 ሰዓት፣ እነሱ ሰዓታቸውን በሚያስቀድሙበት ወራት ደግሞ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እንበልና አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ማታ በ4 ሰዓት ተነሥቶ ዋሽንግተን በነጋታው ጧት በ2 ሰዓት ቢደርስ፣ የእጅ ሰዓቱንና የግድግዳውን ሰዓት ብቻ አይቶ 10 ሰዓት የተጓዘ ይመስለዋል። 7ቱን ሲጨምርበት 17 ይሆናል። ሲመለስ ረፋድ በ5 ሰዓት ተነሥቶ 13 ሰዓት ቢበር፣ አዲስ አበባ የሚደርሰው በማግስቱ ጧት በ1 ሰዓት ነው፤ በግድግዳ ሰዓት 20 ሰዓት መሆኑ ነው። ስለዚህ ያልጠረጠረ መንገደኛ «ስሄድ ቶሎ ደረስኩ፣ ስመለስ ግን እጥፍ ሆነብኝ» ይላል። እውነቱ የዚህ ግልባጭ ነው። አጭር የመሰለው መንገድ ረጅሙ ነው። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እናየዋለን፤ አሁን ወደ በቅሎው ዘመን እንሂድ።

በቅሎና መርከብ

በ1903 የአሜሪካ መንግሥት ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ለመዋዋል መልእክተኛ ላከ። መልእክተኛው ሮበርት ስኪነር ማርሴይ የነበረ የአሜሪካ ቆንስል ነው። ሸቀጡ ከመልእክተኛው ቀድሞ ደርሶ ነበር፤ የአሜሪካ ጥጥ ጨርቅ በኤደን በኩል እየገባ የኢትዮጵያን ገበያ ይዞ፣ ቡናና ቆዳ በለውጡ ይወጣ ነበር። ነጋዴው መንገዱን ካወቀ በኋላ መንግሥቱ ተከተለ ማለት ነው። በዓለም ታሪክ የተለመደ ነው።

ስኪነር በኅዳር ወር ጅቡቲ ወረደ። ባቡሩ ገና በ1902 ድሬዳዋ ከመድረሱ በቀር ከዚያ ወዲህ አልተዘረጋም። ስለዚህ ጥቂት የባሕር ወታደሮቹን አስከትሎ፣ ከድሬዳዋ ወዲህ ያለውን በበቅሎና በግመል ተጉዞ፣ አዲስ አበባ የገባው ታኅሣሥ 18 ቀን ነው። ውሉም ታኅሣሥ 27 ቀን 1903 ተፈረመ። ሒሳቡን እንመልከት። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ኋላ በተዘረጋው ሐዲድ ሲለካ 784 ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህ ከሙሉው መንገድ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ስኪነር ግን ለዚህች ቁራጭ አንድ ወር ያህል ፈጀባት። አትላንቲክን መርከብ በሳምንት ግድም ይሻገረው በነበረበት ዘመን፣ ረጅሙ መንገድ ባሕሩ ሳይሆን የመጨረሻዋ አቀበት ነበረች።

አቀበቷ ደግሞ ዝም ብላ አቀበት አልነበረችም። ከፍታው ለዘመናት ወራሪን ያደከመ ምሽግ ነው። ከባሕር የመጣ ሁሉ ቆላውን በሐሩርና በወባ እየተቃጠለ አልፎ፣ ደክሞ ነው ደጋው ላይ የሚደርሰው። በዚያን ጊዜ የመንገዱ አለመመቸት ለአገሪቱ ነጻነት የከፈለችው ዋጋም፣ ያገኘችው ጥቅምም ነበር። ይህ ከፍታ በአውሮፕላን ዘመን ሌላ ሒሳብ ይዞ ይመጣል።

ከዚህ ቀጥሎ የሄደው ሰው ከእኛ ወገን ነው። በ1919፣ በእኛ ክረምት፣ ደጃዝማች ናደው፣ ከንቲባ ገብሩና ኋላ ብላቴን ጌታ የተባሉት ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ያሉበት መልእክተኛ ቡድን አሜሪካ ገባ። ምክንያቱ ጦርነቱን ላሸነፉት መንግሥታት የደስታ መግለጫ ማድረስ ነበር። ባቡሩ በ1917 አዲስ አበባ ደርሶ ስለነበረ የበቅሎው ወር ቀርቶ የሦስት ቀን ባቡር ሆኗል፤ ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው በየጣቢያው ያድር ነበር። ከጅቡቲ ወዲያ ግን መርከብ ነው፤ ቀይ ባሕር፣ ስዊስ ካናል፣ ሜዲትራንያን፣ አውሮፓ፣ እንደገና መርከብ፣ ከዚያ ኒውዮርክ።

የሚገርመው የጊዜው መገጣጠም ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ 14 ቀን ጆን አልኮክና አርተር ብራውን የሚባሉ ሁለት እንግሊዞች ከኒውፋውንድላንድ ተነሥተው አትላንቲክን ሳያርፉ በአውሮፕላን ተሻገሩ። 3,000 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ 16 ሰዓት ግድም ፈጀባቸው። ያረፉት በአየርላንድ ምዕራብ፣ ክሊፍደን በሚባል ቦታ ነው፤ ከላይ ሲያዩት ለምለም ሜዳ የመሰላቸው ረግረግ ኖሮ አውሮፕላኑ በአፍንጫው ተተከለ። ሰዎቹ ግን ደህና ወጡ። እንግዲህ የኢትዮጵያ መልእክተኞች በመርከብ ሳምንት በሚቆጥሩበት ክረምት ውቅያኖሱ በሰዓት ሊቆጠር መቻሉ ታወቀ። አየርላንድ የአውሮፓ የመጨረሻው ጠርዝ ስለሆነች ያረፉባት እሷ ላይ ነው። የዚህችን ደሴት ስም ከዚህ በኋላ ሁለት ጊዜ እናገኘዋለን።

አውሮፕላን መጣ፤ መንገዱ ግን አልመጣም

አዲስ አበባ አውሮፕላን ያየችው ነሐሴ 18 ቀን 1929 ነው። ፖቴዝ 25 የሚባል የፈረንሳይ ሥሪት፣ አንድሬ ማዬ በሚባል አብራሪ እየተነዳ ከጅቡቲ መጥቶ አረፈ። ስኪነር አንድ ወር የለፋበት መንገድ በሰዓታት አለቀ ማለት ነው። ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ አየው ይባላል፤ አይፈረድበትም።

ነገር ግን አውሮፕላን መኖሩና የአየር መንገድ መኖሩ አንድ አይደለም። ጆን ሮቢንሰን የሚባለው ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ በ1935 ኢትዮጵያን በወረራው ጊዜ ለመርዳት ከቺካጎ ሲነሣ፣ አውሮፕላን ማብረር የሚያውቀው ሰው የመጣው በመርከብና በባቡር ነው። ሌላ መንገድ አልነበረማ! በዚያን ጊዜ ከአሜሪካ ወደ አፍሪካ ቀንድ የሚያደርስ የመንገደኞች በረራ አልነበረም። የጣልያን ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ግን ከኤርትራና ከሶማሊያ ተነሥተው በሰዓታት ውስጥ ከደጋው ላይ ይደርሱ ነበር። ለዘመናት ያገለገለው የከፍታ ምሽግ ከላይ ተከፈተ። አውሮፕላን ርቀትን አሳጠረ ስንል፣ ለማን አስቀድሞ እንዳሳጠረው መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው። ለወራሪው ቀድሞ አጠረ፤ ለረዳቱ ግን ገና ረጅም ነበር።

ዳኮታ

ከነጻነት በኋላ በ1945 የኢትዮጵያ መንግሥት ቲ.ደብሊው.ኤ. ከሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር ተዋውሎ የራሱን አየር መንገድ አቋቋመ። በዚያን ጊዜ እንግሊዞች በአገሪቱ ላይ የነበራቸው ተጽዕኖ ከባድ ስለነበር፣ አሜሪካኖቹን መጥራት የፖለቲካም ብልሃት ነበረበት። የመጀመሪያው መደበኛ በረራ ሚያዝያ 8 ቀን 1946 ተደረገ፤ ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ካይሮ። አውሮፕላኑ ዳኮታ የምንለው ሲ-47 ነው። ከጦርነቱ የተረፈ የወታደር ማመላለሻ ስለሆነ አግዳሚ ወንበሮቹ በግድግዳው ተደርድረው፣ መንገደኛው ፊት ለፊት ተያይቶ፣ ጭነቱ መሐል ታስሮ ይሄድ ነበር።

ካይሮ ላይ ምን ነበረ? ቲ.ደብሊው.ኤ. ራሱ በዚያው በ1946 ከኒውዮርክ ካይሮ መብረር ጀምሮ ነበር። አሁን የማረፊያውን ብዛት እንቁጠር። አስመራ፣ ካይሮ፣ አቴና፣ ሮም፣ ፓሪስ፣ ከዚያ ሻነን፣ ከዚያ ጋንደር፣ ከዚያ ኒውዮርክ። ሻነን አየርላንድ ውስጥ ነው፤ ጋንደር ደግሞ ኒውፋውንድላንድ። አልኮክና ብራውን በ1919 የተሻገሩባት ጠባብ በር ከ27 ዓመት በኋላም የሁሉም መሻገሪያ ናት፤ በፕሮፔለር የሚሄዱት አውሮፕላኖች ከዚያ የሰፋውን ውኃ በአንድ ነዳጅ በእርግጠኝነት አይሻገሩትም ነበርና። ጊዜው አሁን በቀን ይቆጠራል። ወር ሳምንት ሆኖ፣ ሳምንት ቀን ሆነ።

በመንገዱ ላይ የሠራተኛውም ታሪክ አለ። መጀመሪያ አብራሪዎቹም አስተዳዳሪዎቹም አሜሪካኖች ነበሩ። አለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን የሆኑት በ1957 ነው፤ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ የሆኑት ደግሞ በ1971። ከአዲስ አበባ ካይሮ ዳኮታ በአንድ ቀን ይደርስ ነበር፤ ከሁለተኛ ረዳትነት እስከ ሥራ አስኪያጅ ወንበር ያለው መንገድ ግን 25 ዓመት ፈጀ። ይህም ርቀት ነው።

በ1958 መሥመሩ ፍራንክፈርት ደረሰ። በ1962 መጨረሻ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ጄቶች፣ ሁለት ቦይንግ 720 ቢ፣ አዲስ አበባ ገቡ። የልደታ ሜዳ ለጄት ስለማይበቃ ቦሌ ተሠራ። ቦይንግ 720 ከ707 አነስ ቀለል ብሎ የተሠራ ስለሆነ፣ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ ለመነሣት ይሻላል። ጄት ለመግዛት ሲታሰብ ገና ከመጀመሪያው የከተማዋ ከፍታ በሒሳቡ ውስጥ መግባት ነበረበት ማለት ነው።

የተማሪውና የስደተኛው ሰዓት

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በዚህ መንገድ ላይ ከሚታዩት ኢትዮጵያውያን አንዱ ተማሪ ነው። በስኮላርሺፕ ይሄዳል፣ ዲግሪውን ይዞ ይመለሳል። የሚመለስበት ቀን ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው። እዚያ እያለም በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር ዙሪያ ተሰባስቦ፣ «ቻሌንጅ» በሚለው መጽሔት ስለ መሬትና ስለ አገሩ ዕጣ ይከራከራል። በሐሳብ አገሩ ውስጥ ነው። ርቀቱ የኪሎ ሜትር ብቻ ነበር።

ከ1974 ወዲህ፣ በተለይም ከቀይ ሽብር ዘመን በኋላ፣ መንገዱ ባሕርዩን ለወጠ። መውጫው ቦሌ መሆኑ ቀርቶ ለብዙው ሰው መተማ ሆነ። ቀን ተደብቆ ሌሊት በእግር፣ ከዚያ ገዳሪፍ፣ ከዚያ ካርቱም። ክራችን መጀመሪያ የረገጠው አገር ሱዳን ነው ብለን ነበር። ጄት ሱዳንን ከዳር እስከ ዳር በሁለት ሰዓት ግድም ያልፋታል። ስደተኛው ግን በዚያችው ቁራጭ ላይ ሁለት ዓመትም፣ አምስት ዓመትም ቆመ። ማረፊያው ካምፕ ነው፤ የሚጠብቀውም ነዳጅ አይደለም፣ ወረቀት ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1980 የስደተኞች ሕግ ካወጣ በኋላ ከሱዳን ካምፖች ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደ አሜሪካ ተወሰዱ፤ ከነሱም አያሌዎቹ ዋሽንግተንና አካባቢዋን መረጡ። ዛሬ በዚያች ከተማ እንጀራና የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት ሱቅ ከታየ፣ መሠረቱ ይህ የእግር መንገድ ነው።

13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ

አሁን ወደ 1984 እንምጣ። ሰኔ 1 ቀን የኢትዮጵያ አየር መንገድ የገዛው አዲስ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ አዲስ አበባ ሳያርፍ ገባ። 12,082 ኪሎ ሜትር በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ። በዚያን ጊዜ ሁለት ሞተር ያለው የመንገደኞች አውሮፕላን ሳያርፍ ከሄደው ሁሉ የረዘመ ነበር። የበረረው ርዝመት ከክራችን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይበልጣል፤ ሰማይ ላይም ቢሆን ቀጥ ያለ መንገድ አይገኝም፣ ነፋስ ይታያል፣ የየአገሩ ፈቃድ ይታያል።

እንግዲህ በዚያን ቀን ዋሽንግተንና አዲስ አበባ የ13 ሰዓት ጎረቤት ሆኑ? አልሆኑም። በረራው አውሮፕላኑን ከፋብሪካ የማምጫ ነበር እንጂ ትኬት የሚሸጥበት አገልግሎት አልነበረም። በጊዜው በነበረው ደንብ ሁለት ሞተር ያለው የመንገደኞች አውሮፕላን በአንድ ሞተር ቢቀር ከሚያርፍበት ቦታ ከ60 ደቂቃ በላይ መራቅ አልነበረበትም፤ ይህ ወደ 120 ደቂቃ የተፈቀደው በ1985 ነው። ከደንቡ በላይ ደግሞ ፖለቲካው አለ። በ1980 የአሜሪካው አምባሳደር ከአዲስ አበባ ከወጣ በኋላ፣ ግንኙነቱ እስከ 1992 ድረስ በጉዳይ ፈጻሚ ደረጃ ነበር። ማሽኑ ደርሷል፣ መንግሥታቱ ግን አልደረሱም።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የኮረም ረሀብተኞች ምስል በቢቢሲ ታየ። ምስሉ የዓለምን ዳርቻ በአንድ ምሽት አዳረሰ። እህሉ ግን በመርከብ ነው፤ ከወደብ ወደብ፣ ከወደብ በካሚዮን፣ መንገድ በሌለበትም በአህያ። ጦርነት ባለበት ደግሞ እሱም የለም። አገሪቱ በሰኔ ወር የዓለምን ረጅም የሁለት ሞተር በረራ አስመዝግባ፣ በጥቅምት ከአሰብ ኮረም እህል ማድረስ ጭንቅ ሆነባት። ይህን የምጽፈው የአየር መንገዱን ሠራተኞች ሙያ ለማሳነስ አይደለም፤ ሙያው ያኮራል። ነገር ግን የአንድ አገር ፍጥነት የሚለካው ፈጣኑ ሰው በደረሰበት ብቻ ከሆነ ሚዛኑ ይዋሻል ለማለት ነው።

ከፍታው የሚያስከፍለው

መደበኛው የአሜሪካ በረራ በ1998 ተጀመረ፤ ከ767ቱ የርክክብ በረራ ከ14 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ሲሄድ ለዓመታት ሮም ላይ እያረፈ ነበር። በ2010 ቦይንግ 777-200 ኤል.አር. የሚባለው፣ ከ15,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሳያርፍ እንዲሄድ የተሠራው አውሮፕላን መጣ። መንገዱ 11,500 ነው፤ አውሮፕላኑ 15,000 ይችላል። ታዲያ ሲመለስ ያለ ዕረፍት የሚገባው፣ ሲሄድ ለምን ይቆማል? ከ2015 ወዲህ ካረፈባቸው ቦታዎች አንዱ ደብሊን ነው። እነሆ አየርላንድ ተመልሳ መጣች!

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ነፋስ ነው። በላይኛው ሰማይ ላይ በእነዚያ አካባቢዎች ነፋሱ ባብዛኛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ወደ እኛ የሚመጣውን ከኋላ ይገፋዋል፣ ወደዚያ የሚሄደውን ከፊት ይመክተዋል።

ሁለተኛው ቦሌ ራሱ ነው። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ይሳሳል፤ ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይጎድላል። ክንፉ የሚደገፈው በአየር ነው፣ ሞተሩም የሚተነፍሰው አየር ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሣት የበለጠ መንደርደር፣ የበለጠ መፍጠን አለበት፤ ሜዳው ደግሞ መጨረሻ አለው። ያለው ምርጫ ክብደት መቀነስ ነው። መንገደኛና ጭነት ገቢው ናቸውና አይተዋቸውም። የሚቀነሰው ነዳጅ ነው። ነዳጅ የቀነሰ ደግሞ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ወርዶ መሙላት አለበት። የደብሊን ሜዳ ከባሕር ጠለል 74 ሜትር፣ የሮሙ ከ5 ሜትር አይበልጥም። የዋሽንግተኑ ዳለስም 95 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ከዚያ የሚነሣው አውሮፕላን ሙሉ ነዳጁን ይዞ፣ ነፋሱን ከኋላው አድርጎ፣ ቀጥ ብሎ ይመጣል።

ከተማዋ በ1886 ፍልውኃ አጠገብ ስትቆረቆር የጄት መንደርደሪያ ያሰበ ሰው አልነበረም። ለዘመናት ወራሪን ያደከመው ከፍታ፣ አሁን ከልጆቿ በእያንዳንዱ መንገድ ጥቂት ሰዓት ይቀበላል። ስኪነር ለመውጣት ወር የከፈለባትን አቀበት እኛ ለመውረድ የምንከፍልባት ሆነናል። ቢሾፍቱ አጠገብ እንዲሠራ የተወሰነው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ነው። 400 ሜትር መውረድ ምን ያህል ነዳጅ፣ ምን ያህል ሰው እንደሚያስጭን መሐንዲሶቹ አስልተውታል።

የማይወርዱ ከፍታዎች

ከፍታውን መሐንዲስ ዝቅ ያደርገዋል እንበል። ሌላው ማረፊያስ? በሚያዝያ 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ የሱዳን ሰማይ ተዘጋ። ክራችን መጀመሪያ የሚረግጠው አገር መሆኑ ነው። ወደ ሰሜን የሚሄዱ አውሮፕላኖች መዞር ግድ ሆነባቸው፤ በመዞር የሚጠፋው ጊዜና ነዳጅ ሁሉ ምድር ላይ የተተኮሰ ጥይት ውጤት ነው። በአውሮፕላን ለሚሄደው ይህ ጥቂት ደቂቃ ነው። አርባ ዓመት ቀደም ብሎ ሸሽቶ ካርቱም ለገባውና እዚያው ለቀረው ሰው ግን ሁለተኛ ስደት ነው።

ቪዛም አለ። በ1990 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የዲቪ ዕጣን አመጣ፤ በየዓመቱ ቅጹን የሞላው ኢትዮጵያዊ ብዛት ይታወሳል። ዕጣ ማለት ምን ማለት ነው? መንገዱ ለአንዱ 17 ሰዓት፣ አጠገቡ ለተቀመጠው ደግሞ መጨረሻ የሌለው ሆኖ ሳለ፣ ልዩነታቸው ጉብዝናም ገንዘብም ሳይሆን የመኪና ምርጫ ሆነ ማለት ነው። የሁለቱም ቤት ከቦሌ እኩል ይርቃል።

እንግዲህ ነገሩን እንሰብስብ። በ1903 ያስቆመን ሐዲድ አለመኖሩ ነበር፤ በ1919 ባሕሩ፤ በ1946 የሞተሩ አቅም፤ በ1984 ደንቡና የመንግሥታቱ ኩርፊያ፤ ከ1998 ወዲህ ከፍታውና ነፋሱ፤ በዘመናቱ ሁሉ ደግሞ ጦርነትና ወረቀት። ማሽን የሚያነሣቸው ማረፊያዎች አንድ በአንድ ተነሥተዋል። የቀሩት አብዛኛውን ማሽን የማያነሣቸው ናቸው። ወር ሳምንት፣ ሳምንት ቀን፣ ቀን ሰዓት ሲሆን፣ ሰው ከሰው ለመገናኘት የሚጠብቀው ጊዜ በዚያው ልክ አላጠረም።

ስለዚህ ታሪክ የምናጠና ተማሪዎች «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» በሚለው መልስ ረክተን መነሣት የለብንም። ኪሎ ሜትሩን ከሉሉ ላይ በክር ማንም ይለካዋል። የኛ ሥራ በክሩ ላይ ያሉትን ቋጠሮዎች መቁጠር ነው፤ ማን ቋጠራቸው፣ መቼ፣ የትኞቹስ ይፈታሉ? ከተፈቱት ውስጥ ቢያንስ ጥቂቱን፣ ከበቅሎው ቀርቶ ጄት እስከማብረር ያለውን፣ የዚህ አገር ሰዎችም ፈትተዋቸዋል። የቀሩትም የሰው ቋጠሮዎች ናቸው።